በሐዘን ላይ የነበሩ እጆች

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ወጣቷ ሲስተር እግሬን አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና አተኩራ አየችው። ስኳር ከያዘኝ ወዲህ እግሬን የሚያይ ሰው በዝቷል። ሲስተሯ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ ሰቆጣን ገና ያልለመደች ልጅ ናት፤ ገበያ ላይ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ሲያዋሯት ምን እንደምትመልስ ጠፍቷት የምትስቀውን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ እኔም በዕድሜዋ ስቄዋለሁ። በጣቶቼ መሀል አየች፣ ተረከዜን ዳሰሰች፣ የውስጥ እግሬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና «እማማ፣ እግርዎን ማን ነው የሚንከባከብልዎ?» አለችኝ። ራሴ ነኝ አልኳት። ታዲያ ማን አስተማረዎት አለች፤ ብዙ ሰው ቆስሎ ነው የሚመጣው፣ የእርስዎ ግን ስንጥቅ እንኳን የለውም ብላ ተገረመች። ከኋላዬ ያለው ወረፋ ከበሩ አልፎ ግቢ ውስጥ ስለደረሰ፣ አንዲት ሴት ናቸው ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ። እሷም ፈገግ ብላ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

በወረፋ መሀል የማይነገረውን ቤቴ ገብቼ ለራሴ አወራሁት። እግሬን የማጥበው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በረንዳዬን ሳትለቅ ነው። ውሃውን ለብ አደርጋለሁ፤ እግሬ ሙቀትና ቅዝቃዜ መለየት ከተወ ሰንብቷልና በክርኔ እለካዋለሁ። ብዙ አልዘፈዝፍም። በጣቶቼ መሀል ያለውን እርጥበት በስስ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ አደርቃለሁ እንጂ አልፈትግም። ከዚያ ተረከዜንና የእግሬን ጀርባ ባዝሊን እቀባለሁ፤ በጣቶቼ መሀል አላስገባም፣ እዚያ እርጥበት ካደረ ይልጠዋል። ልጄ ከባሕር ዳር በመጣች ቁጥር የብርቱካን፣ የእንጆሪ፣ አንዴማ የቸኮሌት ሽታ ያለው ቅባት አመጣችልኝ። ሰው እግሩ ቸኮሌት ቸኮሌት እየሸተተ የት ሊደርስ ነው? አመስግኜ ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ አሰልፈዋለሁ። እኔ የምወደው ተራውን ባዝሊን ነው። ምንም አይሸትም ይሉታል፤ ለእኔ ግን ይሸታል። ክዳኑን ስከፍተው የአንዲት የሰቆጣ ቤት ክፍል፣ የበግ አጎዛና የእትዬ ትርፌ እጅ ይመጣብኛል።

ሰቆጣ ስመጣ ከደብረ ታቦር የተመደብኩ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን ለሚቆጥሩ ሰዎች ልተወው፤ ልብሴን ግን ዛሬ የለበስኩት ያህል አውቀዋለሁ። ደረቱ ላይ ሽንሽን ያለው ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚስ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ እናቴ የፈተለችው ነጠላ። ሸራው የሰቆጣን ድንጋይ ብዙም አልቻለም። ጸጉሬ ወገቤ ላይ ይደርስ ነበር ብል ዛሬ የሚያምነኝ የለም፤ ፎቶ ስላልተነሳሁ አላስገድድም። ከጭነት መኪናው የወረድኩበት ጥግ ላይ፣ አሁን የሞባይል ሽፋን የሚሸጥበት፣ አንድ ሱቅ ነበረ። ጨው፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የልብስ ሳሙና፣ ከላይኛው መደርደሪያ ደግሞ ባለ አበባ ወረቀት የተጠቀለለ የገላ ሳሙና። ይህ ሳሙና የሚሸጠው በሳንቲም ነበር፤ ሳንቲሙም ቢሆን እኛ ዘንድ ስለማይበረክት አስተማሪዎቹ አንዱን በቢላ ለሁለት ቆርጠን እንካፈለው ነበር። ባለሱቁ ሬዲዮ ነበረው። አመሻሽ ላይ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ እኛም ክብሪት የምንገዛ መስለን እንቆማለን። የዚያን ዘመን ዘፈን ስሰማ እስከ ዛሬ የክብሪት ቀፎ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

የተከራየሁት ክፍል የስንዱ ነበር። ስንዱ የእትዬ ትርፌ ብቸኛ ልጅ፣ በእኔ ዕድሜ የነበረች፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ሰኔ በድንገት ታማ የሞተች ናት። ባላቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ዘመድ አዝማድ ክፍሉ ተዘግቶ አይክረም ብሎ ስለመከራቸው ነው እኔን ያስገቡኝ። እሳቸው ራሳቸው ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው ወደ ሰሌናቸው ተመለሱ። ከዚያ ሰሌን የሚነሱት ለግድ ብቻ ነበር። ራሳቸውን ተላጭተው፣ ከል ለብሰው፣ ወለሉ ላይ ይተኛሉ። ከውጭ ስገባ እንደምን ዋሉ እላቸዋለሁ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል። የዓመቱ መጀመሪያ ወራት እንዲሁ አለፉ።

በዚያ ሰፈር ልጇ የሞተባት እናት እስከ ሙት ዓመቱ ቅባት አይነካትም። ራሷ ቅቤ፣ እጇ ባዝሊን፣ ፊቷ ዘይት አያይም። በደጋው ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእትዬ ትርፌ እጅ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ አመድ ገብቶበት ነበር። ዓመቱ ሲሞላ የሟቿ የአባት ወገኖች ቅቤና ሳሙና ይዘው ይመጣሉ። ገላዋን ታጥባ ከሏ ይወልቃል፣ ቅቤውን እነሱ በእጃቸው ይቀቧታል፣ ነጭ ያለብሷታል። እነሱ ካልቀቧት ሐዘኗ አልወጣም። ከሏ ያልወጣላት ሴት ሠርግ ቤት አትጠራም፣ ክርስትና አታነሳም፣ የወለደች ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳን ደጅ ላይ ትቆማለች። አሁን አሁን ይህ ሁሉ ላልቷል፤ ከተማው ውስጥ በአርባው ቀን የሚቀቡም አሉ። እኔ አልፈርድም፣ ያኔ ግን የምር ነበር።

ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ያጠብነው ልብስ ሳይደርቅ፣ ራሴን አመመኝ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ እሳት ሆንኩ። በዚያ ሰሞን ከተማሪዎቼም ብዙዎቹ ቀርተው ነበር። ተስቦ ነው አለ ካሳ። ካሳ የጤና ጣቢያው ረዳት ነው፤ ሰው ሁሉ ድሬሰር ካሳ ይለዋል፣ ከላስታ በኩል የመጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ቀጭን ሰው ነበር። ተስቦ የሚመጣው ከቅማል ነው ብሎ ልብሴን አስቀቀለው፣ ጸጉሬንም ላጨው። ወገቤ ላይ የሚደርሰው ጸጉር በአንድ ጠዋት መሬት ወረደ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ ብቅ የሚል ሰው ሁለት የተላጩ ሴቶች ያይና፣ የትኛዋን ያጽናሽ የትኛዋን ይማርሽ እንደሚል ግራ ይገባው ነበር። አንዲት ጎረቤትማ በመስኮት እኔን በስንዱ አጽናንታኝ ሄደች። ማልቀሱም መሳቁም አቅም ይፈልጋልና ሁለቱንም ተውኩት።

ወደ ሆስፒታል መውሰድ የማይታሰብ ነበር፤ መንገዱ ያኔ አንዳንዴ በወንዝ፣ አንዳንዴ በሰው ይዘጋል። የጤና ጣቢያው ጥቂት አልጋዎች ሞልተዋል። ስለዚህ ካሳ መርፌና ኪኒን እያመላለሰ እዚያው ክፍሌ ውስጥ ያክመኝ ጀመር። ትኩሳቱ ቀስ እያለ በረደ፣ ሰውነቴ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ከጎን ወደ ጎን መዞር አቃተኝ። አልጋው ጠፍር፣ ፍራሹ ጭድ ነው፤ የጭዱ እብጥ በጀርባዬ ይቆጠራል። አንድ ቀን ካሳ ብርድ ልብሱን ገልጦ ጎኔን አየና ፊቱ ተለወጠ። ዳሌዬ ላይ፣ አጥንቱ ያለበት ቦታ ቀልቷል። እኔ የማልሰማ መስሎት ለእትዬ ትርፌ ቁርጡን ነገራቸው። ትኩሳቱን መርፌው ያወርደዋል፤ ይህ ቦታ ከተከፈተና ካመረቀዘ ግን እዚህ የሚድን አይደለም፣ የሚገድላት እሱ ነው አላቸው።

ማድረግ ያለባቸውንም ነገራቸው። ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ። የቀላውን ቦታ አለማሸት፣ ይልቁንም ክብደት እንዳያርፍበት ማድረግ። በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ ገላዬን ማጠብ፣ እርጥበቱን ማድረቅ፣ ደህናው ቆዳ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት። ከአጥንቱ ሥር አጎዛ ማንጠፍ። ውሃ የሚለው ቃል ደጅ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሳ፤ ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ውሃ ከነካው ምች ይመታዋል ተብሎ ተፈረደ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር፤ የሳይንስ አስተማሪ መሆኔ አሳፍሮኝ ነው ያልተናገርኩት። እትዬ ትርፌ ግን በውሃው አልተከራከሩም። ቅባቱን ነው እንቢ ያሉት። እኔ ቅባት አልነካም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አሉ። ሌላ ሰው አልነበረም። ተስቦ ያለበት ቤት ማን ይገባል? ጓደኞቼ አጥሩ ድረስ መጥተው በመስኮት ይጣሩና ይመለሳሉ፣ አልወቅሳቸውም፣ እኔም እንዲያው ነበር የማደርገው። እናቴ መታመሜን የሰማችው ከዳንኩ በኋላ ነው።

ለሐዘናቸውም ለእኔም የሚሆን መላ ራሳቸው አገኙ። አሮጌ ቡልኮ ቀደው ሁለት እጃቸውን እስከ አንጓው ጠቀለሉት። በተጠቀለለው እጅ ካሳ ከሰጣቸው ባዝሊን ቆንጥረው ጀርባዬን፣ ክንዴን፣ እግሬን ይቀቡኛል። ቅባቱ ጨርቁን ይነካል፣ እጃቸውን አይነካም። ሲጨርሱ ጨርቁን በጥርሳቸው ፈትተው ከቤቱ ጥግ ይሰቅሉታል፣ መዳፋቸውን እያገላበጡ ያያሉ፣ ወዝ አለመውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ ይቀመጣሉ። እኔ በዓይኔ ብቻ ነበር የምከተላቸው። ልጃቸውን እንዳይክዱ፣ የሰው ልጅም እጃቸው ላይ እንዳይሞት፣ በሁለቱ መሀል እንዲህ ተጣብቀው ቀሩ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ካሳ ሲመጣ ጎኔ ተልጧል። ቀልቶ የነበረው ቦታ ዳር ዳሩን ስስ ቆዳው ተገፎ ውሃ አቅርሯል። አጎዛው ተነጥፏል፣ ማገላበጡም አልተቋረጠም፣ ታዲያ ምን ነካው አለ። እትዬ ትርፌ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን ዘረጉለት። ካሳ ቡልኮውን በጣቱ ዳሰሰው። አልተቆጣም፣ የሚቆጣ ሰውም አልነበረም።

«እትዬ፣ የታመመ ሰው ቆዳ እንደ ደህና ሰው አይደለም» አላቸው። «ይሄ ለእርስዎ ጨርቅ ነው፣ ለሷ ሞረድ ነው። ደግሞም ሊቆስል ያለ ቦታ አስቀድሞ ይሞቃል። በጨርቅ አይታወቅም፣ በባዶ እጅ ነው የሚታወቀው።»

እትዬ ትርፌ ጨርቁን እየፈቱ ወደ ጓሮ ወጡ። ካሳ ቁስሌን በጨው ውሃ አጥቦ እስኪሸፍነው ድረስ ከውጭ ድምፃቸው ይሰማኛል። በኽምጣኛ ነበር የሚናገሩት፣ ቀስ ብለው፣ የሚለምኑ ይመስላሉ። ያኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ በመሀሉ የስንዱን ስም ግን ሰማሁ። ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበዋል። ካሳን አላዩትም፣ እኔንም አላዩኝም። የባዝሊኑን ቆርቆሮ አንስተው በባዶ ጣታቸው ቆነጠሩ።

መጀመሪያ ሲዳስሱኝ ስንጥቃቸው ከቡልኮው ብዙ አይሻልም ነበር። ይህን አውቀውት የጣታቸውን ጫፍ ትተው በመዳፋቸው መሀል፣ ለስላሳው ቦታ ላይ፣ አሳርፈው ብቻ ይቀቡኝ ጀመር። እየዋለ እያደረ ግን ቅባቱ በስንጥቁ ገባ፤ አመዱን እያስለቀቀ፣ ቆዳውን እያለሰለሰ፣ እጃቸው እጅ ሆነ። መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። የሞቀ ቦታ ካገኙ ያን ቀን በዚያ ጎን አያስተኙኝም። ጆሮዬን ከኋላው፣ ክርኔን፣ ተረከዜን፣ ሰው አካሌ ነው ብሎ የማያስበውን ሁሉ ያዩታል። ከንፈሬን በለስላሳ ጨርቅ ያረጥቡልኛል። የሚያዝዙኝ በኽምጣኛ ነበር። ሰው ቋንቋ ሲማር ሰላምታ ነው የሚያስቀድመው፤ እኔ ኽምጣኛ የጀመርኩት ዙሪ፣ ቀና በይ፣ ያማል ወይ ከሚለው ነው። በኋላ እዚሁ አግብቼ ስቀር የባሌ ዘመዶች ንግግሬ የአስታማሚ ነው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ዕቃ አንሳልኝ ስል ሰው ፈገግ ይላል።

ባዝሊኑ አለቀ፣ ከሱቁም ጠፋ። ካሳ ለጋ ቅቤ አንጥረው አጥልለው ይቀቧት፣ የተላጠው ላይ ግን እንዳይደርስ አለ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። በጾም ቀን ቅቤ ሲነጠር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ ሽታው አጥር አያውቅም። ሽታው ወይዘሮ አስካለን አመጣቸው። ወይዘሮ አስካለ የእትዬ ትርፌ ባል እህት፣ የስንዱ አክስት ናቸው፤ ሰኔ ላይ ከሉን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ደልዳላ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የታጠበ፣ ሰፈሩ የሚፈራቸው ሴት። ተስቦውን ፈርተው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ትርፌ እኔን ወደ ግራ እያዞሩኝ ነበር። በመስኮቱ የገባው ብርሃን እጃቸው ላይ ወድቋል።

«አንቺ ትርፌ፣ የልጅሽ ዓመት ሳይሞላ እጅሽ ወዛ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

እትዬ ትርፌ ማዞሩን ጨርሰው፣ አጎዛውን ከሥሬ አስተካክለው፣ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገው ነው የመለሱት። «ወዙ የእኔ አይደለም፣ አስካለ። የዚህችው ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ይህን አልተቀበሉም። ለባዕድ ልጅ ብለሽ የወንድሜን ልጅ ረሳሽ አሏቸው። ሐዘንሽን በገዛ እጅሽ ከጨረስሽ ሰኔ ላይ የእኛን እጅ አትጠብቂ ብለው ሄዱ። ዛሬ እሳቸው ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌ ሳስበው ክፉ ሰው አልነበሩም። ስንዱ ፎቶ የላት፣ ልጅ የላት፤ በዚህ ዓለም መኖሯን የሚመሰክረው የእናቷ መጎሳቆል ብቻ ነበር፣ እሱም ሲለሰልስ አዩና ደነገጡ። ያን ቀን ግን እንዲህ አላሰብኩም፤ አለቀስኩ። እትዬ፣ ይተዉኝ፣ ለእኔ ሲሉ ሰው አይጣላዎት አልኳቸው። ከል ለብሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ ሲቆሙ ታየኝ። እሳቸው እንባዬን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉልኝና፣ እንባ ፊትሽን ያደርቀዋል፣ እንደገና ልቀባሽ ነው ማለት ነው ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ለፋሲካ ተደግፌ ቆምኩ። የተላጠው ቦታ ጠገገ፣ ቀጥሎ አዲስ ሮዝ ቆዳ አበቀለ። ያለ እርዳታ መራመድ በጀመርኩበት ቀን እትዬ ትርፌ ከጓሮ እንዶድ አምጥተው ወቀጡና እጃቸውን በእንዶድና በአመድ እየደጋገሙ ፈተጉት። ምን እያደረጉ ነው ብላቸው፣ የቀረኝን ሐዘን ልጨርስ ነው አሉኝ። ሰውነቴ እንደ ሕፃን ለስልሶ ትምህርት ቤት ስመለስ፣ የእሳቸው እጅ እንደገና ነጣ፣ እንደገና ተሰነጠቀ። ቅባት ገዝቼ ባመጣላቸውም እንቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ታምሜያለሁ፣ ስንት ሐኪም ነክቶኛል፤ አጠገባቸው ሆኜ ያን ስንጥቅ በየቀኑ እያየሁ ዝም እንዳልኩበት ጊዜ የከበደኝ የለም።

ሰኔ ደረሰ። ጠላው ተጠመቀ፣ እህሉ ተፈጨ፣ እኔም ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሽር ጉድ እል ነበር። ጸጉሬ በቅሎ በሻሽ ሥር ይኮሰኩሰኛል። ወይዘሮ አስካለ ይመጡ እንደሆነ እትዬ ትርፌ አንድም ቀን አልጠየቁም፤ በየሰው ልብ ውስጥ ያለው ጥያቄ ግን ያ ብቻ ነበር። በዕለቱ ከወገኖቻቸው ጋር መጡ። ቅቤ የያዘ ቅል በቅጠል ከድነው ከጎናቸው አስቀመጡ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ ቅሉ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ አልተነሱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው መሬት መሬት ያያሉ። ሰው መሳል ጀመረ። እትዬ ትርፌ ትንሽ ጠበቁና፣ ባይቀቡኝም ታጥቤ እቀመጣለሁ ብለው ብድግ አሉ። ውሃ አፍሺልኝ ብለው እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ከሉ ሲወርድ የአባት ወገን ማየት አለበትና ወይዘሮ አስካለ ተከተሉን፤ ቅሉን ግን ከተቀመጡበት ትተውት ነበር።

ከሉን ከትከሻቸው ሳወርድ ሰውነታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እሳቸው የእኔን ጥፍር ሳይቀር ያውቁታል፤ እኔ ከእጃቸው ሌላ አይቼላቸው አላውቅም። በቀኝ ዳሌያቸው ላይ፣ የእኔ ጎን በተላጠበት ቦታ፣ ክብ ጠባሳ አለ። ጠቁሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሌላ ትከሻቸው አጥንት ላይ፣ ሌላ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ፣ ሁሉም በአንድ ጎን። ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ጣሳው እጄ ላይ ቀረ።

ወይዘሮ አስካለ ተጠግተው ጎንበስ አሉ። ይህ ምንድን ነው አሉ፣ ድምፃቸው ከበፊቱ ሌላ ነበር። እትዬ ትርፌ ያምናው ክረምት ነው አሏቸው። ከቀብሩ ሲመለሱ በዚያ ጎን ተኝተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ክረምቱን ሙሉ አልተገላበጡም። ያቆሰላቸው ከሰሌኑ በታች የነበረው መሬት ነው።

«እኔ እኮ በየቀኑ እመጣ ነበር» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ትመጪ ነበር። አብረን እናለቅስ ነበር። የሚያገላብጠኝ ግን አልነበረም።»

«ታዲያ እንዴት ተነሳሽ?»

እትዬ ትርፌ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይቺ ተኛች፣ ተነሳሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው ወጡ። ሄዱ ብዬ እትዬ ትርፌን አጠብኳቸው። ሲመለሱ ቅሉን ይዘዋል፣ ነጠላቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። መሬቱ ላይ ተንበረከኩ። ወጉ በጣት ጫፍ ቆንጥሮ መሀል አናት ላይ ማድረግ ነው፤ እሳቸው እጃቸውን እስከ አንጓው ቅቤው ውስጥ አስገቡት። ከአናታቸው ጀምረው ወደ ታች እየቀቡ ጠባሳው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እዚህ ላይ ይታሻል?»

አይታሽም፣ መዳፍዎን አሳርፈው ብቻ ይቆዩ አልኳቸው። አሳረፉት።